ያቺ የምትሄድ ነጥብ ነጥብ አይደለችም

(በሰማይ ተመልካቾች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርሁት ነው ያስቀመጥሁት፤ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ቀንሻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ፣ ወዳጆቼ! ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ልጆች፣ ጥያቄ ሲመጣባችሁ አትያዙት። መሃል ላይ አቋርጡኝ፤ ደስ ይለኛል።

ከመጀመሬ በፊት ሰዓታችሁን እዩልኝ። 12 ሰዓት ከ30 ነው አይደል? ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በዚህ ሕንፃ አናት ላይ ያልፋል። እኛ ብንዘገይ እሱ አይጠብቀንም። ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ ንግግሬን አቆማለሁ፤ ከዚያ ሁላችንም ውጭ ነን። እባካችሁ ሰዓቱን ተከታተሉልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማታ ቀና ብላችሁ ስታዩ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሳትብለጨለጭ፣ ከአንዱ የሰማይ ጥግ ወደ ሌላው የምትሄድ ብርሃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጅ አውጡ እስኪ። ... እህ፣ ከግማሽ በላይ ናችሁ። ጥሩ። ምን መሰለቻችሁ? ነጥብ፣ አይደል? እኔም ለብዙ ዓመት ነጥብ ነበረች የምትመስለኝ። ዛሬ የመጣሁት ነጥብ አይደለችም ልላችሁ ነው። ቅርፅ አላት። ክንፍ አላት። ቀለም አላት። ያንን ቅርፅ ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ ቆማችሁ፣ በመካከለኛ ቴሌስኮፕ፣ ራሳችሁ ፎቶ ልታነሱት ትችላላችሁ።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ እዚያ ላይ ምን ይታያል። ሁለተኛ፣ እንዴት ይያዛል። ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ከያዝነው በኋላ ምስሉን እንዴት እንመነው።

በመጀመሪያው ልጀምር። ምን ይታያል?

ያቺ ነጥብ የጠፈር ጣቢያዋ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 109 ሜትር ትረዝማለች። የእግር ኳስ ሜዳ አስቡ። ክብደቷ 420 ቶን ገደማ ነው። የመጀመሪያው ክፍሏ፣ ዛርያ፣ የመጠቀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1998 ነው። ከኅዳር 2000 ጀምሮ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሰው ተለይቷት አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ! እዚህ ከተቀመጣችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ስትወለዱ ጀምሮ ከራሳችሁ በላይ የሚኖር ሰው ነበረ ማለት ነው።

ከፍታዋ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ነገር ከ400 ኪሎ ሜትር ላይ ምን ያህል ሆኖ ይታያል? ሰማይን የምንለካው በዲግሪ ነው። ከአድማስ እስከ አናታችን 90 ዲግሪ ነው። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት። አንዱን ዲግሪ ለ3,600 ብንከፍለው አርክ ሰከንድ የሚባለውን መለኪያ እናገኛለን። ጣቢያዋ ልክ በአናታችን ስታልፍ 56 አርክ ሰከንድ ገደማ ትሆናለች። ጁፒተርን በቴሌስኮፕ ያያችሁ አላችሁ? ጁፒተር በጣም በቀረበችን ጊዜ እንኳ 50 አርክ ሰከንድ አካባቢ ናት። ስለዚህ ጁፒተርን ክብ አድርጎ የሚያሳያችሁ ቴሌስኮፕ ሁሉ የጣቢያዋን ክንፎችም ያሳያችኋል። ይህን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቴሌስኮፑ ቤቴ ውስጥ ነበር። ለካ ለዓመታት ነበረኝ።

ሌሎችም አሉ። የቻይና የጠፈር ጣቢያ ቲያንጎንግ አለ። የመጀመሪያው ክፍሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 መጠቀ፤ አሁን ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት፤ ጥሩ አየር ሲገኝ የእንግሊዝኛውን T ፊደል መምሰሉ ይለያል። ሃብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አለ። እሱ ግን ርዝመቱ 13 ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍታውም 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። 5 አርክ ሰከንድ ቢሆን ነው። በግቢ ቴሌስኮፕ ትንሽ ሞላላ ነገር ሆኖ ይታያል፤ ምህዋሩ ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ጨርሶ አያዩትም። የቀሩት ሳተላይቶች አብዛኞቹ ለኛ ቴሌስኮፕ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ምክሬ አንድ ነው፦ በጣቢያዋ ጀምሩ። ትልቅ ናት፣ ደማቅ ናት። የከተማ መብራት እንኳ አይሸፍናትም። ጨለማ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ይህ ነገር በኛ የተጀመረ አይደለም። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ስትመጥቅ፣ ከመሬት ሆነው የሚጠብቋት ተራ ሰዎች ነበሩ። ፍሬድ ዊፕል የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ ከዚያ በፊት በ1956 ሙንዋች የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ሥራ አስጀምሮ ነበር። ተማሪዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ ሠራተኞች ትንንሽ ቴሌስኮፕ ይዘው በሰልፍ ይቀመጡ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሰማይ ቁራጭ ነበረው። ሳተላይቷ በእሱ ቁራጭ ስታልፍ ሰዓቱን ይመዘግባል። ምህዋር የሚሰላው እንዲህ ከተሰበሰበ ሰዓት ነበር! በነገራችን ላይ ስፑትኒክ ራሷ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ነበረች፤ በባዶ ዓይን ለማየት በጣም ታስቸግር ነበር። ብዙ ሰው «ስፑትኒክን አየሁ» ያለው ከኋላዋ ይዞር የነበረውን የሮኬቱን ትልቅ አካል አይቶ ነው። ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ያ ሰልፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ተበተነ። እኔ ግን ዛሬ ማታ ግቢው ውስጥ ቴሌስኮፕ የሚተክል ሰው ሁሉ የዚያ ሰልፍ ቀጣይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሰዓት ስንት ሆነ? 12 ሰዓት ከ40? ጥሩ ነው።

እንዴት ይያዛል?

ችግሩ መጠኗ አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ ችግሩ መጠኗ አይደለም። ችግሩ ፍጥነቷ ነው። በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትዞራለች። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ትንሿን ጣታችሁን አቁሙ። አዎ፣ ሁላችሁም። የዚያች ጣት ስፋት አንድ ዲግሪ ያህል ነው። ጣቢያዋ በአናታችን ስታልፍ በየሰከንዱ አንድ ጣት ትሄዳለች። በዓይን ስናያት ዝግ ያለች ትመስላለች። በቴሌስኮፕ ግን ካሜራው የሚያየው የሰማይ ክፍል የዚያችን ጣት አንድ አምስተኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዝም ብላችሁ ብትጠብቋት በሰከንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ ገብታ ወጣች ማለት ነው።

መጀመሪያ የሞከርሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ቴሌስኮፔ ዶብሶኒያን የሚባለው ዓይነት ነው፤ መስተዋቱ 200 ሚሊ ሜትር፣ የፎከስ ርዝመቱ 1,200 ሚሊ ሜትር። ሞተር የለውም፤ በእጅ ነው የሚገፋው። ቪዲዮ የሚቀርፅ ትንሽ ካሜራ ገጠምሁለት። ጣቢያዋ መጣች። ገፋሁ፣ አባረርሁ፣ ላብ በላብ ሆንሁ። ሄደች። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ከፈትሁ። ከ11,000 በላይ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ነበር። አንድ በአንድ አየሁት። ጣቢያዋ ያለችባቸው 43 ብቻ ነበሩ። እነዚያ 43ቱ ላይ ያለችው ደግሞ ነጭ ጉብታ ናት። ክንፍ የለ፣ ምን የለ። ብርሃኗ አቃጥሎታል።

ያን ማታ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰማዩ ጨለማ ነው ብዬ ካሜራውን ለጨለማ አዘጋጅቼው ነበር። እሷ ግን ጨለማ ውስጥ አይደለችም! እኛ ነን ጨለማ ውስጥ ያለነው። እሷ ያለችበት ከፍታ ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የምናያት ለምን ማታ ማታና ንጋት ላይ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ለዚህ ነው። እኛ ጋ መሽቶ እሷ ጋ ገና ቀን የሆነበት ያ አጭር ጊዜ ነው የኛ ዕድል። አንዳንዴ ሰማዩ መሃል ላይ ቀስ እያለች ቀይ ሆና ትጠፋለች። የትም አልሄደችም፤ የምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ነው።

ስለዚህ ፀሐይ የመታው ነገር እንደምታነሱ አድርጋችሁ አንሱ። የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትባት ጊዜ፣ ከ1/1000 ሰከንድ አይዘግይ፤ 1/2000 ቢሆን ይሻላል። ለምን? በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር በአንድ ሺኛ ሰከንድ 7.6 ሜትር ይሄዳል። ቴሌስኮፑ ካልተከተላት በዚያች ቅጽበት ውስጥ እንኳ ምስሉ የአንድ ክፍል ያህል ይፈስሳል። ስትከተሏት ይቀንሳል፤ ግን የእጅ መንቀጥቀጥ አለ፤ የአየር መንቀጥቀጥ አለ። ፍጥነት አትቆጥቡ። ምስሉ ትንሽ ጠቆር ቢል አትደንግጡ፤ የጠቆረ ይስተካከላል፣ የተቃጠለ ግን አይመለስም።

ሁለተኛው ሙከራዬ በሌላ ምክንያት ከሸፈ። ብርሃኑን አስተካከልሁ፤ ፎከሱ ጠፋ። ቴሌስኮፑን ከሞቀ ክፍል አውጥቼ ወዲያው ነበር የተጠቀምሁበት። መስተዋቱ ገና ሙቀት እየለቀቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልማዴ ይኸው ነው፤ እናንተም ያዙልኝ። ቴሌስኮፑን ከአንድ ሰዓት በፊት አውጡት። ከውጭው አየር ጋር ይስማማ። ከዚያ በደማቅ ኮከብ ላይ ፎከስ አድርጉ። ኮከቧ ትንሽ መርፌ ጫፍ እስክትሆን ድረስ አትተዉ። ከዚያ ፎከሱን ቆልፉት፤ መቆለፊያ ከሌለው በፕላስተር አስሩት። ከዚያ በኋላ የሚነካው ሰው አይኑር። እኔ ለቤተሰቤ ሁሉ ነግሬያለሁ፦ ፎከሱን የሚነካ የለም።

አሁን ደግሞ ስለመከተል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ በሞተር የሚከተል ነው። ኮምፒውተሩ የሳተላይቷን የምህዋር መረጃ ይወስዳል፤ ሁለት መስመር ቁጥር ናት፤ ሴለስትራክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ሞተሩ በዚያ ስሌት ይሄዳል፤ ሰውየው ደግሞ ትንንሽ ስህተቷን በጆይስቲክ ያርማል። ሌላው በእጁ የሚገፋ ነው። «በእጅ የሚሆን አይደለም» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ራልፍ ፋንደበርህ የሚባል ኔዘርላንዳዊ አለ። ለዓመታት 25 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ በእጁ እየመራ ነው የጣቢያዋን ዝርዝር ሲያነሳ የኖረው። በእጅ ይቻላል። እኔም በእጅ ነው የማነሳው።

ዘዴው ምንድን ነው? ሁሉ ነገር ያለው በአነጣጣሪዋ ነው። ጎን ላይ የምትገጠመው፣ መስቀለኛ ክር ያላት ትንሿ ቴሌስኮፕ። ቀን ላይ በሩቅ ያለ ምሰሶ ጫፍ ላይ አስተካክሏት፤ ማታ በኮከብ ላይ ደግማችሁ አስተካክሉ። ኮከቧ መስቀሉ መሃል ስትሆን በካሜራውም ሴንሰር፣ ብርሃን በሚቀበለው ክፍል፣ መሃል መሆን አለባት። የጸጉር ያህል ብትዛነፍ ስታባርሩ ታድራላችሁ እንጂ አንድ ፍሬም አታገኙም። ከዚያ ጣቢያዋ ስትመጣ ካሜራውን እርሱት። ቪዲዮው ይቀርፃል። የናንተ ሥራ መስቀሏን እላይዋ ላይ ማቆየት ብቻ ነው። ሁለቱንም ዓይናችሁን ክፈቱ፤ አንዱ በአነጣጣሪዋ ይይ፣ አንዱ ሰማዩን ይይ። ከኋላዋ አትከተሉ። ትንሽ ቀድማችሁ ሂዱ፣ እሷ ትድረስባችሁ፣ እንደገና ቅደሙ። እኔ ልብ ያልሁት ሰው ሲያባርር ይንቀጠቀጣል፤ ቀድሞ ሲጠብቅ ግን እጁ ይረጋል።

ልምምድም አለው። እኔ ቀን በቀን ብርሃን፣ ካሜራ ሳልገጥም፣ መንገዷን ቴሌስኮፑን እየገፋሁ እለማመድ ነበር። ከሰሜን ምዕራብ ተነሳ፣ ወደ ላይ ውጣ፣ ዙር፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ውረድ። ጎረቤቶቼ «ምን እየፈለግህ ነው?» ይሉኝ ነበር። አስረዳኋቸው፤ አሁን ሲያልፍ እነሱም ይወጣሉ። አንድ ነገር ግን ጠብቁ፦ በእጅ የሚገፋ ዶብሶኒያን ልክ አናት ላይ ይቸገራል፤ እግሩ ላይ በፍጥነት መዞር አለበትና። ስለዚህ ለጀማሪ ፍጹም አናት ላይ ከሚያልፍ ይልቅ 60 ወይም 70 ዲግሪ የሚደርስ ጉዞ ይመቻል። በጣም ዝቅ ያለውን ደግሞ ተዉት። 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን ርቀቷ ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ መጠኗም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አየሩም ወፍራም ነው። ጥሩው ጊዜ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። 2 ደቂቃ! ለ2 ደቂቃ ሁለት ሰዓት መዘጋጀት ነው ይህ ሥራ።

አንዲት ልጅ እጇን አውጥታለች። በይ እሺ። ... «ሞተርም ካሜራም የሌለው ሰውስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው መንገድ ነው። ጣቢያዋን አትከተሉ። እሷ ወደምታልፍበት ሂዱና ጠብቁ። የት? ጨረቃ ላይ። ትራንዚት ፋይንደር የሚባል ድረ ገጽ ላይ ያላችሁበትን ቦታ ስታስገቡ፣ ጣቢያዋ በጨረቃ ፊት የምታልፍበትን ሰዓትና ቦታ ይነግራችኋል። ቴሌስኮፑ ጨረቃ ላይ ይቀመጣል፤ ስልክም ቢሆን በዓይን ማያው ላይ ተደግፎ ቪዲዮ ይቀርፃል። ጣቢያዋ ጨረቃን በግማሽ ሰከንድ ታቋርጣለች። በሰከንድ 60 ፍሬም ከቀረፃችሁ 30 ያህል ላይ ታገኟታላችሁ።

ግን ቦታው ጠባብ ነው። ጣቢያዋ በአናት ላይ ስታልፍ፣ ጨረቃን የምታቋርጥ መስላ የምትታይበት መሬት ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔ አንድ ጊዜ ታላቅ እህቴን ይዤ ለዚህ ብዬ ሄድሁ። የምህዋር መረጃውን ያየሁት ከአምስት ቀን በፊት ነበር። በመሃል ጣቢያዋ ሞተር አስነስታ ከፍታዋን ጨምራለች። ይህን በየጊዜው ታደርገዋለች፤ ቀጭኗ አየር እየጎተተች ዝቅ ታደርጋታለችና። እኔ አላጣራሁም። ካሜራውን አስነስቼ ጨረቃ ላይ አፍጥጫለሁ። እህቴ በባዶ ዓይኗ እያየች «ወንድሜ፣ ይኸው በጎኗ አለፈች!» አለች። ቀና ስል እውነትም አልፋለች። ያን ያህል ዝግጅት፣ ያን ያህል መንገድ። በጣም አዘንሁ። አሁን መረጃውን ከመውጣቴ በፊት በዚያው ቀን ሳላይ አልንቀሳቀስም። እናንተም ባለፈው ሳምንት መረጃ እንዳትወጡ።

በፀሐይ ፊት ስታልፍም ይነሳል። ፈረንሳዊው ቲየሪ ለጎ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2009 አትላንቲስ መንኮራኩርና ሃብል አብረው በፀሐይ ፊት ሲያልፉ አንስቷል፤ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ነገሮች በዚያ ግዙፍ ብርሃን ላይ። ግን ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን ስሙኝ። ለፀሐይ የሚሆን ፊልተር በቴሌስኮፑ የፊት አፍ ላይ ካልተገጠመ በቀር ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ አይዞርም። ለአንድ ሰከንድም አይዞርም። አነጣጣሪዋም ትሸፈን። ዓይን በቅጽበት ይጠፋል፤ አይታመምም፣ አያስጠነቅቅም። ልጅ ብቻውን ቴሌስኮፕ ጋ ቀን ላይ አይቁም። ይህ ልመና ነው።

ቴሌስኮፕ እንኳ ለሌላችሁ አንድ ነገር በአጭሩ። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቆሙ ሳተላይቶች አሉ፤ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ካሜራ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከረዘም ያለ ሌንስ ጋር አቁሙና ደጋግማችሁ ለረጅም ጊዜ አንሱ። ከዋክብቱ ሁሉ መስመር ይሆናሉ። ከመስመሮቹ መሃል ነጥብ ሆነው የቀሩ ካሉ እነሱ ናቸው። በሰማይ ሁሉ ሲሄድ የቆሙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ሰዓት? 12 ሰዓት ከ52። ሦስተኛው አጭር ነው፤ ግን ልቤ ያለው እሱ ላይ ነው።

ምስሉን እንዴት እንመነው?

ስንገባ አሥር ሺህ ፍሬም ይዘን እንገባለን። አየሩ እንደ ፈላ ውሃ ነው፤ አብዛኛው ፍሬም ይጣመማል። ጥቂቶቹ ግን አየሩ ትንፋሹን በያዘባት ቅጽበት ላይ ይወድቃሉ። እነሱን መርጠን እናወጣለን። የፕላኔት ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች መቶ ሺህ ፍሬም ደርበው አንድ ጥርት ያለ ምስል ያወጣሉ። እኛ ያን ያህል አንችልም፤ ጣቢያዋ በየሰከንዱ ጎኗን እያዞረች ስለምታሳየን ነው። ተከታታይ የሆኑ ጥቂት ፍሬሞችን ብቻ ነው መደረብ የምንችለው። ከዚያ በሶፍትዌር ትንሽ እንስላቸዋለን፤ እንደ ቢላ ማለቴ ነው፣ ጠርዛቸው ጥርት እንዲል። «ትንሽ» ያልኋት ቃል ላይ አስምሩባት።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ምሽት በጣም ጥሩ አየር ነበር። ክንፎቿ ወርቃማ ሆነው ወጡ። ነጫጭ ሙቀት ማስወጫዎቿ ይለያሉ። እየሳልሁ፣ እየሳልሁ ሄድሁ። ከአንዱ ጫፍ አጠገብ አንዲት ደማቅ ነጥብ ወጣች። በዚያ ሳምንት ጠፈርተኞች ለሥራ ወደ ውጭ ይወጡ ነበር። ልቤ ዘለለ። ሰው አነሳሁ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። «እንኳን ደስ አለህ» ጎረፈ። በማግስቱ ረጋ ብዬ ቀጣዩን ፍሬም አየሁ። ነጥቧ የለችም። ቀዳሚውንም አየሁ። የለችም። አየሩ የሠራት፣ የኔ መሳል ያጎላት ነበረች። 200 ሚሊ ሜትር መስተዋት እኮ በዚያ ርቀት በጣም ጥሩ አየር ላይ እንኳ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነገር ለይቶ አያሳይም። ይህን አውቅ ነበር። ማየት ስለፈለግሁ አየሁ። ለላክሁላቸው ሁሉ ስህተት ነው ብዬ ጻፍሁ። ከባድ ነበር፤ ግን ጻፍሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደንቤ አንድ ናት። ሁለት ጊዜ ያላየሁትን አየሁ አልልም። አንድ ዝርዝር በሁለት የተለያዩ ፍሬሞች ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ ሳይሳል ካልታየ ምስሉ ላይ አይቀርም። ፎቶዬ ከሌላው ሰው ፎቶ ደብዘዝ ሊል ይችላል። ይደብዝዝ! ያለው ነገር ሁሉ ግን እዚያ ላይ በእርግጥ ያለ ነው። ወጣቶች፣ ፎቶ ስትለጥፉ ጥሬውን ፍሬም አብራችሁ አስቀምጡ። ሰው ሁለቱን ያወዳድር። ይህ አያሳፍርም። ያኮራል።

አንድ ታሪክ ብቻ ልጨምር፤ ሰዓት አለኝ፣ አይደል? አምስት ደቂቃ።

የመጀመሪያዋን ጥሩ ፎቶ ያገኘሁ ማታ እናቴን ጠራኋት። ኮምፒውተሩ ላይ 200 ፒክስል የማትሞላ ምስል ናት፤ እህል ላይ እንዳረፈች የውኃ ተርብ፣ አራት ክንፍ ዘርግታ። እናቴ መነፅሯን አደረገችና አየችው። ብዙ ቆየች። «ይህን ከግቢያችን ነው ያነሳኸው?» አለች። አዎ እማዬ አልኋት። «ሰው አለበት?» አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ይሆናሉ አልኋት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «የትኛው ጋ ነው የሚተኙት?» አለችኝ። ይህን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር! ስለ ሹተር፣ ስለ ፎከስ፣ ስለ ሴንሰር ስንት ወር ሳስብ፣ የት እንደሚተኙ አልጠየቅሁም። አብረን ፈለግን። ፎቶው ላይ መሃል ላይ ያሉትን ብሩህ ክፍሎች አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ ጣቢያዋ ስታልፍ ከኔ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት። «ልጆቹ መጡ» ነው የምትለው።

ልጆቹ ደግሞ ለዘላለም አይመጡም። ጣቢያዋ አርጅታለች። ናሳ በዚህ አሥር ዓመት ማብቂያ አካባቢ ሥራዋን ጨርሳ፣ ሰው ከማይኖርበት ደቡብ ፓስፊክ ላይ በቁጥጥር እንድትወርድ አቅዷል። ስለዚህ ቴሌስኮፕ ቤታችሁ ቁምሳጥን ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አውርዱት። አቧራውን ጥረጉ። በሚቀጥለው ሳምንት አይደለም፤ ነገ። የመጀመሪያው ቪዲዮ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ነጭ ጉብታ ይሆናል። ሦስተኛውን ይዛችሁ ኑና አብረን እንየው። እኔ አለሁ።

አሁን 1 ሰዓት ሆነ። ጥያቄ ያላችሁ ውጭ ትጠይቁኛላችሁ፤ ቴሌስኮፑ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሲቀዘቅዝ ቆይቷል። ቅድም አላየሁትም፤ ደመና አለ? ... የለም? ጎሽ!

ስትወጡ ፊታችሁን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሩ፤ የበሩን ግራ ያዙ። መጀመሪያ ደብዛዛ ሆና ከዛፎቹ በላይ ትወጣለች፤ ከዚያ እየደመቀች ትመጣለች። እኔ ስገፋ ልትገረሙ ትችላላችሁ፤ አታዋሩኝ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ። የስልካችሁን መብራት አጥፉልኝ። ልጆች ከፊት ይቁሙ። ፎከሱን ግን የሚነካ የለም። በሉ ተነሱ፣ 11 ደቂቃ ነው የቀረን።